ጋሽ ስድስት የእህቴን ግጥም ሲቆጥሩ

ግጥም በተነበበበት ቦታ ሁሉ ጣቱን የሚያጥፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ያለቅሳል፣ ሌላው "ወይ ጉድ!" እያለ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሁለት ሦስቱ ያንቀላፋሉ። እሱ ግን እጁን ከጠረጴዛ ሥር አድርጎ ይቆጥራል። አንባቢው ጨርሶ ሲቀመጥ፣ ጭብጨባው ገና ሳይበርድ፣ "ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ጎደለ" ይላል። እናንተም ሰፈር አለ። የለም የምትሉ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ምናልባት ዘመዳችሁ ይሆናል።

የኛ ሰፈሩ ጋሽ ስድስት ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከፖስታ ቤቱ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ያኔ ፊደል ከእርሳስ ይሠራ ነበር፤ እሳቸው ከመሳቢያው አንድ በአንድ እያነሱ፣ ገልብጠው እየደረደሩ፣ መስመር ይሠራሉ። ማሽኑ ከተጣለ ስንት ዘመኑ፣ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ሲያነቡ የቀኝ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ከአየር ላይ የሆነ ነገር ይለቅማሉ። የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ስለለመዱም ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የማነበውን ወረቀት ከኔ ቀድመው ይጨርሱታል። ስለዚህ እሳቸው ባሉበት ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም።

ለክቡርነታቸው መስመር ማለት ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላ ስድስት ቀለም ነው። ቀለም ማለት ደግሞ ቀለም አይደለም። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አፍ አንዴ ከፈት ሲል የሚወጣው ድምፅ ነው፤ "ቤት" አንድ፣ "ገበያ" ሦስት። የሁለት መስመር መጨረሻ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጥ "ቤት መታ" ይባላል፤ ካልሰጠ ጋሽ ስድስት ጥርሳቸውን እንደነካቸው ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሸሚዝ ፋብሪካ የገባሁ፣ ዕድሜዬን የቁልፍ ቀዳዳ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሲያስረዱኝ ይገባኛል። በሩን ከፍተው ሲወጡ አብሯቸው ይወጣል።

የማይቆጥሩት ነገር የለም። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ "እጅዎን ይታጠቡ፣ በሽታን ይከላከሉ" የሚል ተለጥፏል። ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ሄደው ነርሷ ክንዳቸውን እያሰረች፣ በሌላው እጃቸው ቆጥረው፣ "ሰባት ለስምንት! ይህ እኮ የሚያነክስ ሰው ነው!" ብለው ጮኹ። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ፀጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ በላይ አራት መስመር ግጥም ጽፎ ሰቅሏል። ግማሽ ፊታቸው በአረፋ እንደተሸፈነ ከወንበሩ ተነሥተው፣ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ምስክር አድርገው ቆጠሩለት።

"ጋሼ፣ እንደው ስሜቱን እንኳ ይዩልኝ" አለ ልጁ፣ ምላጩን እንደያዘ።

"ስሜት ይቆየን፤ መጀመሪያ ይቆጠር!"

ይህችን ቃል በቀን አሥር ጊዜ ይሏታል። ፋርማሲስቱ ለእጮኛው የጻፈውን ግጥም ይዩልኝ ብሎ ቢሰጣቸው በቀይ እርሳስ አርመው መለሱለት። "'እወድሻለሁ' አምስት ቀለም ይወስዳል። ቦታ የለም፤ ይውጣ" አሉት። ምስኪኑ አወጣው። ልጅቷ "ይህን ሁሉ ጽፎ እወድሻለሁ ማለት አቃተው?" ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ጋሽ ስድስት ይህ ሲነገራቸው ምንም አልደነቃቸውም። "መስመሩ ግን ልክ ሆነ" አሉ።

እንግዲህ እኔም እኚህን ሰው በገዛ እጄ ቤቴ ጠራኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርቷ ከኔ አይበልጥም፤ ግን በቤተሰባችን ልጅ ሲወለድ፣ ልጅ ሲመረቅ፣ ልጅ ሲዳር የምትገጥመው እሷ ናት። አርባ ዓመት እንዲሁ ነው። ቆማ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ ስታነብ ሕፃን እንኳ ማልቀሱን ያቆማል። የልጅ ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ፣ ቅዳሜ ልትዳር ሰኞ ዕለት የእህቴ ጎረቤት ግጥሙን አደረሰልኝ። ከላዩ "አንቺ አንብቢልኝ፣ መነጽሬ አልስማማ ብሎኛል" የሚል ነበረበት። እኔ ዳቦ ቤት ውስጥ እንኳ ድምፄ ስለማይሰማ ሁለት ጊዜ የምጠየቅ ሴት ነኝ። መቶ ሰው ፊት! ግን የባሰው እሱ አልነበረም። ግጥሙ ይህ ነው፤

ልጄ ስትዳሪ፣ ጎጆ ስትወጪ፣
ለአያትሽ ከጥግ ላይ፣ ወንበር አስቀምጪ።
ጉልበቴ ቢደክምም፣ ለምሳ እደርሳለሁ፤
መንገዱን አውቃለሁ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።
ባልሽ ደግ ይሁንልሽ፣ ልጅሽም ሳቂታ፤
መንገዱን አውቃለሁ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።
መንገዱን አውቃለሁ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።
መንገዱን አውቃለሁ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።

አነበብኩት። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ደግሜ አነበብኩት። ስምንት መስመር ነው፤ አራቱ አንድ ናቸው። ከላይ ያለው እንደ ድሮዋ ነው፣ ከታች ያለው ግን ቁልፍ ተዘሎ የተቆለፈ ሸሚዝ መሰለኝ። ስህተት ነው? ወይስ እኔ የማላውቀው ጥበብ ነው? የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ከአባት እስከ ልጅ አስተማሪዎች ናቸው። አንብቤው ቢስቁባትስ? ሳላነበው ብቀርና ብታዝንብኝስ? አርባ ዓመት ያስከበረችን ሴት በኔ አፍ ልትዋረድ ነው ብዬ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ስድስት መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ወረቀቱ በኔ በኩል ዞሮ እንዳለ፣ ተገልብጦ ጀመሩት። ጣቶቻቸው መልቀም ያዙ።

"ልጄ፣ ስትዳሪ። ስድስት። ጎጆ፣ ስትወጪ። ስድስት። ወጪ... አስቀምጪ። መታ! እትዬ፣ ይህች ሴት የት ነው የተማረችው?"

"አልተማረችም ጋሼ።"

"ጥሩ፤ አላበላሿትም ማለት ነው።"

እኔም እንዳላፍር በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። "ቀስ፣ ብ፣ ዬ፣ እ፣ መ፣ ጣ፣ ለሁ። ይህ ሰባት ነው እኮ!"

"ሲጻፍ ሰባት ነው። ሲነገር ስድስት ነው።"

"ሰባተኛዋስ ምን ሆነች?"

"ተዋጠች።"

"ማን ዋጣት?"

"ከፊቷ ያለችው። ቶሎ ብለው ይበሉት፤ 'ብዬ' እና 'እመጣ' ሲገናኙ 'እ' የት አለች?"

ቶሎ ብዬ አልኩት። እውነትም የለችም። እንደገና ቀስ ብዬ ስለው ተመልሳ መጣች። ግራ ገብቶኝ ወረቀቱን ብዙ አየሁት።

"እሺ፣ ይህ መደጋገሙስ?" አልኩ በመጨረሻ።

ጋሽ ስድስት ተነሥተው ቆሙ። "ይህማ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው! ድግግሞሽ ይባላል። መጀመሪያ ስትለው ትነግረናለች። ሁለተኛ ስትለው ታስረግጥልናለች። ሦስተኛ ስትለው..."

"ሦስተኛስ?"

"ሦስተኛ... ትቀጠቅጠናለች!"

"አራተኛስ?"

"አራተኛውን እኔም ላስብበት" ብለው ኮፍያቸውን አደረጉ።

ደስ አለኝ። ጥበብ ነው ተባለ። ስለ ጥበብ የማላውቅ መሆኔ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ቀን ምሳዬን በላሁ።

ረቡዕ ግን ተመልሰው መጡ፤ ቁርስም የቀመሱ አይመስሉም። "ይህች 'ሳቂታ' አላስቀምጠኝ አለች" አሉ ገና ከበሩ። "ብቻዋን ናት። 'ታ' የሚል ጓደኛ ያስፈልጋት ነበር። 'ማታ'፣ 'ደስታ'፣ 'ሰላምታ'... መንገድ ላይ የወደቀ ቃል እኮ ነው። እህትዎ የጻፈችው ሌላም ግጥም አለ?"

አለ። ሃያ ሦስት ናቸው፤ ሁሉንም በዓመታቸው ደርድሬ የሸሚዝ ካርቶን ውስጥ አስቀምጫለሁ። አልጋዬ ላይ አንድ በአንድ ዘረጓቸው። ከመጀመሪያው፣ ለመጨረሻው ልጄ ልደት ከተጻፈው ጀመሩ። አልጋውን እየዞሩ፣ ጣታቸውን እያጠፉ፣ "ስድስት... መታ... ስድስት... ኧረ ይህች ሴት!" ይላሉ። አሥር ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። ሃያ አንደኛውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

የታመሙ መስሎኝ ውሃ አመጣሁ። አልጠጡም።

"ትናንት የነገርኩዎትን ይተዉት" አሉ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ መስመር ደግማ አታውቅም። አንድም ቀን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን፣ ይኸው፣ እዚህ አንድ መስመር ደገመች፤ እዚህ ሁለት። ቤት መምቻው ሲጠፋባት የምታውቀውን መስመር መልሳ ታስገባለች።" የሠርጉን ወረቀት አንሥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ራሳቸው አዞሩት። እንደማንኛውም ሰው በትክክል ይዘው፣ ሳይቆጥሩ አነበቡት። "እትዬ፣ እህትዎ ብቻዋን ነው የምትኖረው?"

"አዎ።"

"መንገዱን ግን... ታውቀዋለች?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያለፈው ወር ትዝ አለኝ። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሁለት አውቶቡስ ነው የምትይዘው። ያን ቀን ከመሸጋገሪያው ፌርማታ ያመጣት አንድ ተቆጣጣሪ ነበር። "አውቶቡሱ ዘገየብኝ" አለችኝ፤ እኔም የአውቶቡሱን ነገር አብሬያት ረገምኩ። ተቆጣጣሪው ሊነግረኝ ፈልጎ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ዳቦ ቆርጬ ሰጥቼ ሸኘሁት። ጫማዋ ደግሞ አንዱ ቡናማ አንዱ ጥቁር ነበር። ከዓይኗ ነው ብዬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ልወስዳት አስቤ ነበር። የአንድ ክር ስህተት ከሩቅ የማይ ሴት ነኝ እኮ! እንዴት እንዳላየሁት እስካሁን አይገባኝም።

ሐሙስ ከጋሽ ስድስት ጋር ሄድን። እህቴ በሩን ከፍታ እየሳቀች አስገባችን። ሻይ አፈላች። ሻዩን ጠጥተን ሳንጨርስ "ሻይ ላፍላላችሁ?" አለች። ጋሽ ስድስት "ደስ ይለናል" አሉ። ሦስት ጊዜ ጠጣን። እሳቸው ስኳር የማይፈቀድላቸው ሰው ናቸው፤ ሦስቱንም ጠጡ።

"እታለም፣ የልጄን የልደት ግጥም ታስታውሻለሽ?" አልኳት።

ሃያ ሁለቱንም መስመር ቆማ፣ በዚያ ድምፅዋ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል አለችው። ከዚያ ተቀምጣ፣ ጉልበቴን ነካ አድርጋ፣ "የልጅቷ ሠርግ መቼ ነው? ግጥም አልጻፍኩላትም እኮ" አለች።

ጋሽ ስድስት ቀደሙኝ። "ጽፈዋል፤ ደርሶናል" አሏት።

ጤና ጣቢያ ለሰኞ ተቀጠረላት፤ እስከዚያ እኔ ዘንድ እንድትሆን ልብሷን ይዘን ተመለስን። ማታውኑ የልጅ ልጄን ጠርቼ ነገርኳት፤ ልጅቷም አለቀሰች። "እንግዲህ ግጥሙ ይቅር፤ ሰው ይስቅባታል" አልኩ።

"እማማ፣ እኔ ሳይነበብልኝ አልዳርም" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

ጋሽ ስድስትም ገና አልሄዱም ነበር። "ይነበባል። ማንም አይስቅም። ግን 'ሳቂታ' ብቻዋን አትቆምም፤ ለሷ አንድ መስመር እኔ እጽፍላታለሁ። ሌላው እንዳለ ይቀመጣል።"

ሰምታችኋል? ስልሳ ዓመት የሰው መስመር ሲቆጥሩ የኖሩት ሰው መስመር ሊጽፉ ነው! አርብ ሙሉ ቀን መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው አየኋቸው። ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ይቀዳድዳሉ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነበሩ፣ ስመለስ ነበሩ። አመሻሹ ላይ እንደ ፈተና ወረቀት አጥፈው ሰጡኝ። "ጓዳሽ ከቶ አይጉደልብሽ፣ ጠዋትና ማታ።" ስለ ጽሑፍ ምን አውቃለሁ? በጣም ጥሩ ነው አልኳቸው። እንደ ልጅ ፊታቸው ቀላ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እህቴን ጥግ ላይ፣ ለጉልበቷ የሚመቸው ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ ከግራዋ ጋሽ ስድስት፣ ከቀኟ እኔ። ጫማዋን ጠዋት ራሴ ነኝ ያደረግሁላት፤ ሁለቱም ጥቁር። ስሜ ተጠራ። ተነሣሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች እንዳልኳቸው የሰማ ሰው መኖሩን እንጃ። "መንገዱን አውቃለሁ" ብዬ ስጀምር ግን ከጥግ "ተቀበሉ!" የሚል ጩኸት መጣ።

ጋሽ ስድስት ቆመዋል። ዘፈን ሲሰሙ ጆሯቸውን የሚይዙት ሰው እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት፣ "መንገዱን አውቃለሁ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ!" ይላሉ። መጀመሪያ ሙሽራዋ ተቀበለች። ከዚያ አስተማሪዎቹ፤ አስተማሪ ለካ ተቀበል ሲባል ደስ ይለዋል። የ"ሳቂታ"ን መስመር አነበብኩ፣ የጋሽ ስድስትን ጨመርኩ፣ እንደገና ተቀበሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ የቀረውን እኔ ማንበብም አላስፈለገኝ፤ አዳራሹ ራሱ አለው። እንደ መዝሙር። የሙሽራው አባት "እንዲህ ያለ አዝማች ሰምቼ አላውቅም፤ ማን አስተማራቸው?" እያሉ ለጎረቤታቸው ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ። እህቴም እያጨበጨበች ከሰው ጋር ትቀበል ነበር።

ስቀመጥ ወደኔ ዘንበል አለች። "ጥሩ ነው፣ እህቴ። ማን ገጠመው?"

ወደ ጋሽ ስድስት ዞርኩ።

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ" አሉ ጋሽ ስድስት ቀስ ብለው።

"እኔ?" ሳቀች። "እንጃ። እኔ ብሆን 'ከቶ' አልልም ነበር።"

"የቱ ጋ ነው?"

"'ጓዳሽ ከቶ አይጉደልብሽ' አይልም? 'ጠዋትና ማታ' ካለ 'ከቶ' ምን ሊሠራ ገባ? መስመሩ ተንጋደደ።"

የጋሽ ስድስት እጅ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ጣታቸውን ሲያጥፉ አየሁ። እጃቸውን አውጥተው በአደባባይ ደግመው ቆጠሩ፤ ስምንት። ሁለት ቀለም ተርፏል። በጭንቀት ሲጽፉ ውለው መቁጠሩን ረስተውታል። ፊታቸው ከጆሮ እስከ ጆሮ ቀላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ፤ እኔ ስሙን አላውቀውም። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እርሳሳቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። እህቴ ተቀብላ፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ፣ "ከቶ"ን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘችው።

"አሁን ሄደ" አለች፤ ሙዚቃው ወደሚመጣበትም ዞረች።

ጋሽ ስድስት ወረቀቱን ይዘው ተነሡ። ለፋርማሲስቱ አሳዩት፤ ለፀጉር አስተካካዩ አሳዩት፤ ለማያውቋቸው አስተማሪዎች እንኳ በየጠረጴዛው እየዞሩ አሳዩ። "ተሳስቼ፣ አረመችኝ! ይኸው፣ ሰምታ ብቻ፣ ሳትቆጥር!" ይሉ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።